ጅብ መታወቂያ ሊያወጣ ሲሰለፍ፦ አዲስ ምናባዊ ኮሜዲ በትንሽ መድረክ እንዴት ይዘጋጃል?

ምናባዊ ኮሜዲ ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ጭስ የሚተፋ ማሽን፣ ክንፍና ጭምብል ነው። ገንዘቡ እዚያ ላይ ያልቅና ለልምምድ የሚሆን ጊዜ ይጠፋል። መቶ ወንበር በሚይዝ አዳራሽ ግን ተመልካቹ የተዋናዩን ቅንድብ ሳይቀር ያያል። እዚያ ሳቅ የሚመጣው ተዋናዩ የማይሆነውን ነገር ከልቡ ሲያምነው ነው።

ዘርፉ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የዘመናዊ ቴአትራችን ፈር ቀዳጅ የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» እንስሳትን እያናገረ ሹማምንትን የነቀፈ ሥራ ነበር። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የታገደውም ነቀፋው ስለገባቸው ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በአንድ ምሳሌ እንሂድ። አንድ ጅብ ኮት ለብሶ፣ ሰው መስሎ፣ መታወቂያ ሊያወጣ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ይሰለፋል።

1. የዓለሙን ሕግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

«ጅቡ ሰው መስሎ መኖር ይችላል፤ ሥጋ ሲሸተው ግን ጅብነቱን መደበቅ አይችልም።» በቃ። አሁን ልኳንዳ ቤት የሚሠራ ሰው ፌስታል አንጠልጥሎ ከኋላው ይሰለፍ። ተመልካቹ ሕጉን ካወቀ፣ ማንም ቃል ሳይተነፍስ መሳቅ ይጀምራል። የሚመጣውን ያውቀዋላ!

ሕጉ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ውስጥ በድርጊት ይታይ። ከዚያ በኋላ አትጣሱት። ደራሲው መውጫ ሲያጣ ጅቡን ድንገት እንዲበር ካደረገው፣ ተመልካቹ መጠበቁን ያቆማል፤ ሳቁም አብሮ ይቆማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በብርቱ ላሳስብ። ሰው ወደ ጅብነት ይለወጣል የሚለው እምነት በአገራችን ለረጅም ዘመን ቀጥቃጮችንና ሸክላ ሠሪዎችን «ቡዳ» ብሎ ማግለያ ሆኗል። ቤተ እስራኤልም የዚሁ ሰለባ ነበሩ። ስለዚህ ጅቡ ጅብ ይሁን። የማንንም ሙያ፣ ዘር ወይም ሰፈር የሚያስታውስ ፍንጭ አታስገቡ። ሳቁ በተገፋ ሰው ላይ ካረፈ ቴአትሩ ባይሠራ ይሻላል።

2. ከደራሲው ጋር በወረቀት ተስማሙ

ድርሰቱ አዲስ ነውና በልምምድ ላይ ይቀየራል። ማን ይቀይራል? ደራሲው ስንት ቀን ይገኛል? ክፍያው በትርዒት ነው ወይስ በአንድ ጊዜ? ይህ ሁሉ በፊርማ ይለቅ። የደራሲው መብት በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ነው። ወዳጅነት ብቻውን አይበቃም።

3. ጮክ ብላችሁ አንብቡት

ተዋናዮቹን ክብ አስቀምጡና ድርሰቱ ያለ እንቅስቃሴ ይነበብ። ድርሰቱን የማያውቁ አምስት ስድስት ሰዎችም ይጋበዙ። የእናንተ ሥራ እርሳስ ይዞ ሳቅ የተሰማበትን ቦታ ሁሉ ምልክት ማድረግ ነው። ይህን ቅጂ በደንብ አስቀምጡት፤ በኋላ ትፈልጉታላችሁ። አንድ ነገር ለማስረዳት ብቻ የተጻፈ ረጅም ንግግር ካለ፣ ያዳምጡ የነበሩት ሰዎች ስልካቸውን ሲያወጡ ታዩታላችሁ። እሱን ቁረጡ። ለትንሽ አዳራሽ ኮሜዲ እረፍት የሌለው ሰባ አምስት ደቂቃ ጥሩ ልክ ነው።

4. ተዋናይ ስትመርጡ አድማጭ ፈልጉ

የሚያስቅ ሰው ማግኘት አይከብድም። ሌላው ሲናገር በእውነት የሚሰማ ተዋናይ ነው የሚጠፋው። በፈተናው ላይ ቃለ ተውኔት የሌለው ሚና ስጡትና ፊቱን ተመልከቱ።

5. ልምምዱ፦ ቁም ነገሩ እዚህ ነው

ስድስት ሳምንት ያዙ። መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የሚያስጨንቀውን ጉዳይ ስጡት። ጅቡ ለምን መታወቂያ ፈለገ? ቤት መከራየት ስላለበት ነው፤ አከራይዋ ያለ መታወቂያ አላስገባም ብላዋለች። የመስኮት ቁጥር 3 ሠራተኛዋስ? እሷን የሚያሳስባት ባለጉዳዩ ጅብ መሆኑ አይደለም፤ መሸኛ አለማምጣቱ ነው። «ከቀድሞ ወረዳህ መሸኛ ካላመጣህ አላስተናግድህም» ስትለው፣ ተዋናይዋ ፊቷ ላይ የሳቅ ጥላ እንኳ አይታይ። ደክሟት፣ የምሳ ሰዓት ደርሶ፣ ሰልፉ አላልቅ ብሏት ትናገረው።

ቀልዱ በሚወርድበት ቅጽበት ሌላው ሁሉ ይርጋ። አንድ ተዋናይ ከኋላ ወንበር ካንቀሳቀሰ የተመልካቹ ዓይን ወደዚያ ይሄዳል፤ ቃሉም ይባክናል። ሳቁ ሲመጣ ደግሞ ከፍ ብሎ መውረድ እስኪጀምር ጠብቁና ቀጥሉ። በሳቁ መሐል ከተናገራችሁ ሰው ቃሉ እንዳያመልጠው ሳቁን ያፍናል፤ ፍጹም ጸጥ እስኪል ከጠበቃችሁም አዳራሹ ይቀዘቅዛል።

በሦስተኛው ሳምንት ልምምድ ላይ ማንም አይስቅም። ቡድኑ ለምዶታላ። ብዙ ጥሩ ቀልድ የሚሞተው በዚህ ሰሞን፣ «አያስቅም» ተብሎ ሲለወጥ ነው። ያን ምልክት ያደረጋችሁበትን ቅጂ አውጡ። በንባቡ ቀን የሳቀ ሰው ከነበረ ቀልዱ ደህና ነው፤ አትንኩት።

6. ተአምሩን በአቡጀዲና በአንድ አምፖል ሥሩት

ጅብነቱን ለማሳየት ጭምብል አያስፈልግም። ከጅቡ ተዋናይ በስተኋላ ነጭ አቡጀዲ በደንብ ወጥሩ። ከጨርቁ ጀርባ አንዲት ትንሽ ደማቅ አምፖል አስቀምጡ፤ ሁለት ካደረጋችሁ ጥላው ይደበዝዛል። አንገቱ የሚንቀሳቀስ ጅብ ከካርቶን ቁረጡና በአምፖሉና በጨርቁ መካከል አንድ ሰው ይያዘው። ካርቶኑ ወደ አምፖሉ ሲጠጋ ጥላው ይተልቃል፤ ወደ ጨርቁ ሲጠጋ ያንሳል።

ተዋናዩን ከፊት ለፊት አታብሩበት፤ ብርሃኑ ጨርቁ ላይ ወድቆ ጥላውን ያጠፋዋል። ከግራና ከቀኝ ይብራ። አሁን ባለ ፌስታሉ ይገባል። ጅቡን የሚጫወተው ተዋናይ ፈገግ ብሎ ፎርሙን ይሞላል፤ ጥላው ግን ከእሱ ቀድሞ አንገቱን ወደ ሥጋው ያዞራል። ይህችን ግማሽ ሰከንድ ለማግኘት ካርቶን ያዡና ተዋናዩ ብቻቸውን ደጋግመው ይለማመዱ።

የጅቡን ድምፅ ተዋናዩ ራሱ ያውጣው። የተቀዳ ድምፅ ሳቅን አይጠብቅም። መብራት ሊጠፋም ይችላልና አምፖሏ በባትሪ የምትሠራ ትሁን።

7. ከመከፈቱ በፊት

አንድ ሙሉ ቀን ለመብራትና ለድምፅ ብቻ መድቡ። መቼ ምን እንደሚበራ የሚያዘው ስቴጅ ማናጀሩ፣ ማለትም በትርዒቱ ሰዓት መድረኩን የሚመራው ሰው ብቻ ይሁን። ቀጥሎ ሃያ ያህል የማታውቋቸውን ሰዎች በነፃ ጋብዙ። ዘመድ አይሆንም፤ ዘመድ ባያስቀውም ይስቃል። አዘጋጁ ጥግ ተቀምጦ መድረኩን ትቶ እነሱን ይመልከት። ፖስተሩ ላይ ጅቡን ከነጥላው አታሳዩ፤ ኮት የለበሰ ሰው ሰልፍ ላይ ቆሞ መታየቱ ይበቃል።

ከተከፈተ በኋላ ስቴጅ ማናጀሩ በየትርዒቱ ሰዓት ይያዝ። ተዋናዮች ሳቅ ሲቀምሱ መጨመር ይወዳሉ፤ አንዷ ቃል፣ አንዷ ምልክት እያለች ትከማቻለች። ሰባ አምስት ደቂቃ የነበረው ሰማንያ አምስት ከደረሰ፣ በሚቀጥለው ቀን ቡድኑን ጠርታችሁ ድርሰቱን እንደ መጀመሪያው ቀን ተቀምጣችሁ አንብቡት፤ የተጨመረውን ሁሉ አውጡ።