በፍቅር ግንኙነት ውስጥ የራስዎን የስሜት ልማድ እንዴት ማወቅ ይችላሉ?

ጥንዶች የሚጣሉበት ምክንያት ይለዋወጣል። ዛሬ ገንዘብ፣ ነገ ስልክ፣ ከነገ ወዲያ ዘመድ ይሆናል። አካሄዱ ግን ብዙውን ጊዜ ያው ነው፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ይወተውታል፣ ሌላው ዝም ይላል ወይም በሩን ዘግቶ ይወጣል። ስለዚህ የጠቡን ርእስ ደጋግሞ ማብላላት ስለራስዎ ብዙም አያስተምርዎትም። የሚያስተምረው ጠቡ ሊነሳ ሲል በነበሩት ጥቂት ደቂቃዎች በውስጥዎ የሆነው ነገር ነው። በየጊዜው የሚደጋገመው ይህ ስሜትና ምላሽ የስሜት ልማድዎ ነው፤ እሱን ለማየት አንድ ደብተርና ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያስፈልግዎታል።

ደረጃ 1፦ ገጠመኞችን በአምስት ዓምድ ይመዝግቡ

ገጹን በአምስት ይክፈሉት፦ የሆነው ነገር፣ በሰውነቴ የተሰማኝ፣ የመጣልኝ ሐሳብና ስሜት፣ ያደረግኩት፣ ከዚያ የተከተለው። በዚያው ዕለት ይጻፉ፤ ሁለት ሦስት ቀን ካለፈ ትዝታችን ነገሩን ለእኛ እንዲያደላ አድርጎ ያስተካክለዋል። 10 ገጠመኝ ይበቃል። ትልልቅ ጠቦችን ብቻ አይምረጡ፤ ማንም ሳያውቅብዎት ያለፈች ትንሽ ቅሬታም ትግባ። ሁለት ሦስት መልካም ገጠመኞችንም ይጨምሩ፤ አንዳንድ ሰው ውስጡ የሚረበሸው በጠብ ጊዜ ሳይሆን ቅርርቡ ሲጠልቅ ነው፣ ይህን ደግሞ ከጠብ መዝገብ ማየት አይቻልም።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በመጀመሪያው ዓምድ ላይ ነው። «ናቀኝ»፣ «ችላ አለችኝ» ብሎ ይጽፋል። ይህ ግን የሆነው ነገር ሳይሆን ለሆነው ነገር የተሰጠው ትርጉም ነው። እዚህ ዓምድ ውስጥ የሚገባው ካሜራ ቢኖር ኖሮ ሊቀርጸው የሚችለው ብቻ ነው፦ «ከቀኑ 8 ሰዓት መልእክት ላክሁ፤ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት መልስ አልመጣም።» «ናቀኝ» የሚለው ወደ ሦስተኛው ዓምድ ይሻገር። ጥቃቅን ነገር ላይ መድረቅ ይመስላል፤ ሆኖም ሥራው ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ድርጊቱና ትርጉሙ እንደተጣበቁ ከቀሩ ያጣበቃቸው የራስዎ እጅ መሆኑ አይታይዎትም።

ደረጃ 2፦ ሰውነትዎን ይከታተሉ

ደረት ይጨነቃል፣ መንጋጋ ይጠብቃል፣ ሆድ ባር ባር ይላል። ሰውነት ከቃል ቀድሞ ይናገራልና ምልክቱን ካወቁት ማስጠንቀቂያ ይሆንዎታል። የልብ ምትዎንም መቁጠር ይችላሉ፤ ሁለት ጣት በእጅዎ አንጓ ላይ አድርገው ለ15 ሰከንድ ይቁጠሩና በ4 ያባዙት። በጥንዶች ላይ ለረጅም ዓመታት ምርምር ያካሄዱት አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጆን ጎትማን የልብ ምት በደቂቃ ከ100 ካለፈ የሌላውን ሰው ሐሳብ መስማትም ማመዛዘንም እንደሚከብድ፣ ለመረጋጋትም ቢያንስ 20 ደቂቃ እንደሚያስፈልግ ያስረዳሉ።

በዚያ 20 ደቂቃ ውስጥ ሰው የሚያበላሸው ነገር አለ፤ ቀጥሎ የሚናገረውን እየደገመ ይለማመዳል። ያኔ ሰዓቱ ይሄዳል እንጂ ደሙ አይበርድም። ይልቅስ ይራመዱ፣ ዕቃ ይጠቡ፣ ሙዚቃ ይስሙ። ከመነሳትዎ በፊት ደግሞ የሚመለሱበትን ሰዓት ይናገሩ። «ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንነጋገርበታለን» ብሎ መሄድና ዝም ብሎ መሄድ ለሚቀረው ሰው ፈጽሞ አንድ አይደሉም።

ደረጃ 3፦ ስሜቱን በትክክለኛ ስሙ ይጥሩት

«ከፋኝ» ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም። ቅር አለኝ፣ ሆድ ባሰኝ፣ አፈርኩ፣ ቀናሁ፣ ፈራሁ፣ ተዋረድኩ፣ ናፈቀኝ፤ እያንዳንዱ የሚፈልገው ነገር የተለየ ነው። የፈራ ሰው ማረጋገጫ ይሻል፤ ያፈረ ሰው ማረጋገጫ ቢደረደርለትም አይረጋጋም፣ እሱ የሚፈልገው እንደማይፈረድበት ማወቅ ነው። «ተናደድኩ» ብለው ከጻፉ ደግሞ ከዚያ በፊት በነበሩት ጥቂት ሰከንዶች ምን እንደተሰማዎት ይጠይቁ። ንዴት ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ይታያል እንጂ ቀድሞ አይመጣም።

ኩርፊያ የሚገባው በአራተኛው ዓምድ ነው። ስሜት ቢመስልም ድርጊት ነው፤ ከሥሩ ያልተነገረ ጥያቄ፣ አብዛኛውን ጊዜም «ሳልነግራት ትረዳኝ» የሚል ምኞት አለ። ያንን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ከቻሉ የልማድዎን ግማሽ አገኙት።

ደረጃ 4፦ ገጠመኝ በገጠመኝ ሳይሆን ዓምድ በዓምድ ያንብቡ

10 ገጠመኝ ሲሞላ ሦስተኛውን ዓምድ ብቻ ከላይ እስከ ታች ያንብቡት። ከዚያ አራተኛውን። ተደጋግሞ የመጣውን ያስምሩበትና በዚህ መልክ ያያይዙት፦ «ቀጠሮ ሲሰረዝ እንዳልተፈለግኩ ይሰማኛል፤ ስለዚህ ደጋግሜ እደውላለሁ፤ እሱ ስልኩን ያጠፋል፤ ያኔ አለመፈለጌን አረጋግጣለሁ።» የመጨረሻዋን ሐረግ ልብ ይበሉ፤ የተፈራውን ነገር ያመጣው ፍርሃቱን ለማስታገስ የተደረገው ነገር ራሱ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ከ10 ገጠመኝ ቢያንስ ለ4 ካልሠራ ገና ልማድዎን አላገኙትም፤ መመዝገቡን ይቀጥሉ።

ደረጃ 5፦ ከቀድሞ ግንኙነቶችዎ ጋር ያስተያዩ

ካለፉት ግንኙነቶችዎ ለእያንዳንዱ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ምን እንደሳበዎት፣ መቼ መቀዝቀዝ እንደጀመረ፣ እንዴት እንዳለቀ። ያገኙት ዓረፍተ ነገር እዚያም ከነበረ ልማዱ የእርስዎ ነው፤ ከሌለ ግን አሁን ባለው ግንኙነት ውስጥ ምን የተለየ ነገር እንዳለ ይጠይቁ።

እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢና የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሜሪ ኤንስዎርዝ ሕፃናት ከአሳዳጊያቸው ጋር ያላቸውን ቁርኝት አጥንተዋል። በ1987 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሲንዲ ሄዛንና ፊሊፕ ሼቨር ያንን ሐሳብ ወደ አዋቂዎች ፍቅር አሻገሩት። ዛሬ ተመራማሪዎች በዋናነት ሁለት ነገሮችን ያያሉ፦ የመተው ስጋትና ከቅርበት መሸሽ። አንድ ሰው በአንዱ ወይም በሁለቱም ከፍ ሊል፣ ወይም በየትኛውም ከፍ ላይል ይችላል፤ ደረጃው ከግንኙነት ግንኙነት ይለያያል፣ በጊዜም ይለወጣል። ስለዚህ «እኔ እንዲህ ነኝ» ብለው አይዝጉት። ለፍቅረኛዎም ስም መለጠፊያ አያድርጉት፤ በጠብ መካከል ከተሰነዘረ እንደ ስድብ ነው የሚሰማው።

እዚህ ላይ አጥብቀን የምንናገረው ነገር አለ። የሚመታዎት፣ የሚያስፈራራዎት፣ ገንዘብዎን የሚቆጣጠር ወይም ከወዳጅ ዘመድ የሚነጥልዎት ሰው ጋር ከሆኑ ፍርሃትዎ መታረም ያለበት የስሜት ልማድ አይደለም። ስለ አደጋው በትክክል እየነገረዎት ነው። በዚያ ጊዜ የሚያስፈልግዎት ከደብተር በፊት የሚያምኑት ሰውና ደኅንነትዎ የሚጠበቅበት ቦታ ነው፤ ደብተሩም በዚያ ሰው እጅ እንዳይገባ።

ደረጃ 6፦ አራተኛው ዓምድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ

ስሜቱ እንዳይመጣ ማዘዝ አይቻልም፤ ድርጊቱን ግን መምረጥ ይቻላል። ለሁለት ሳምንት አንዲት ትንሽ ለውጥ ይሞክሩ። ደጋግመው የሚደውሉ ከሆነ አንዴ ደውለው «ቀጠሯችን ሲሰረዝ ደንገጥ አልኩ፤ ሌላ ቀን እንወስን?» ብለው ይጻፉ። የሚሸሹ ከሆነ የሚመለሱበትን ሰዓት ተናግረው ይሂዱ፣ በሰዓቱም ይመለሱ። ይህን ለፍቅረኛዎ አስቀድመው፣ ሁለታችሁም በተረጋጋችሁበት ሰዓት ይንገሩ፤ ካልሆነ ለውጡ ራሱ አዲስ ኩርፊያ ሊመስል ይችላል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቀቱ ቢጨምር አይደንግጡ፤ እስከ ዛሬ ያስታግስዎ የነበረውን ነገር ነው የከለከሉት። ከሁለት ሳምንት በኋላ አምስተኛውን ዓምድ ከቀድሞው ጋር ያስተያዩ። ድርጊትዎን ቀይረው ስሜቱ በዚያው ኃይል ከቀጠለ፣ እንቅልፍ ወይም ሥራ ከነሳዎት፣ ወይም በልጅነት ከደረሰብዎ ጉዳት ጋር እየተያያዘ ከመጣ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ይሂዱ። ደብተሩንም ይዘው ይሂዱ፤ ለመጀመሪያው ቀጠሮ ከዚያ የተሻለ መነሻ የለም።