ኮንቴነሩ ሞጆ ደርሷል፤ ታዲያ ለምን አይወጣም?

ይህ ጽሑፍ ከአሜሪካ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገር ቤት ለሚመለስና ኮንቴነሩን ራሱ ለሚያስጭን ሰው ነው። ካርቶን እንዴት እንደሚታሸግ፣ ብርጭቆ በምን እንደሚጠቀለል አልነግራችሁም፤ እሱን ታውቁታላችሁ። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ዕቃ የማስለቅቅ ትራንዚተር ነኝ። ደንበኛ የሚደውልልኝ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። እኔ እስከማየው ድረስ ችግሩ ባሕር ላይ አይፈጠርም። እዚያው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ፣ የጭነት መኪናው ደጅ ቆሞ እያለ፣ ተቻኩሎ በተሞላ ወረቀት ላይ ነው የሚፈጠረው።

ምልክት፦ ዕቃው ደርሷል፣ «ስሙ አይገጥምም» ተባለ

ስልኬ ሲጮኽ ገና ሳላነሳው የምገምተው ይህንን ነው። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልናገር።

ምክንያቱ የእኛ ስምና የፈረንጅ ቅጽ አለመተዋወቃቸው ነው። ቅጹ የመጀመሪያና የመጨረሻ ስም ይጠይቃል። እኛ ደግሞ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ይዘን እንቀርባለን። አንዱ ወረቀት ላይ አባት መጨረሻ ይሆናል፣ ሌላው ላይ አያት። መንጃ ፈቃድ ላይ አንደኛው ጭራሽ ይጠፋል። ፎርዋርደሩ፣ ማለትም ዕቃችሁን ተቀብሎ በመርከብ የሚልከው ድርጅት፣ ያገኘውን መታወቂያ አይቶ ቢል ኦፍ ሌዲንጉን፣ የመርከብ ጭነት ሰነዱን፣ ያስጽፋል። ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ፓስፖርት ሲወጣ ወረቀቶቹ የሁለት ሰው ይሆናሉ። ዕቃው የሚሰጠው ደግሞ ቢሉ ላይ ስሙ ለተጻፈው ሰው ነው። ፊት አይቶ የሚሰጥ የለም።

ጥምር ስም ያለው ሰው ይበልጥ ይጠንቀቅ። አንድ አባት ደንበኛ ነበሩኝ፣ ስማቸው በ«ገብረ» የሚጀምር። ፓስፖርታቸው ላይ ተያይዞ፣ ግሪን ካርዳቸው ላይ ለሁለት ተከፍሎ ነው የተጻፈው። ለፎርዋርደሩ በላኩት ኢሜይል ላይ ደግሞ እንደ ልማዳችን በእዝባር አሳጥረውታል። ቢሉ ሲወጣ እዝባሩ ጠፍቶ፣ ስሙ ማንም የማያውቀው ቃል ሆኖ መጣ። «ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የተጠራሁበት ስም ነው፤ ማን ይክደኛል?» ይሉኛል። ማንም አልካዳቸውም፤ ወረቀቱ ግን አላወቃቸውም። ማስተካከያው እስኪመጣ አልጋቸው ኮንቴነር ውስጥ፣ እሳቸው እህታቸው ሳሎን ከረሙ።

የባል ስም የያዙ እህቶችም እንዲሁ ይቸገራሉ። የአሜሪካ ዜግነት ሲወስዱ የባል ስም ይገባል። የአገር ቤቱ ሰነድ ግን በአባት ስም ነው። አንዷ ቢሉን በባሏ ስም አስጽፋ፣ ለወንድሟ የሰጠችውን ውክልና ደግሞ በአባቷ ስም አዘጋጅታው መጣች። ሁለቱም ስም የእሷ ነው፣ ሁለቱም ሕጋዊ ነው፤ አንድ ላይ ሲቀርቡ ግን አይሠሩም። የጋብቻና የስም ለውጥ ማስረጃዋ ሜሪላንድ፣ ኪችን መሳቢያ ውስጥ ነበር። ወረቀቱ ተልኮ፣ ተረጋግጦ እስኪደርስ የወደቡ ሒሳብ አልቆመም።

መፍትሄው ቀላል ነው፣ ግን ሰው አያደርገውም። ቢሉ ከመታተሙ በፊት ረቂቅ ይወጣል። ፎርዋርደሩ ባይልክላችሁ ጠይቁት። እምቢ ካለ ሌላ ፎርዋርደር ፈልጉ። ረቂቁ ሲደርስ፣ ጉምሩክ ላይ የምታቀርቡትን ፓስፖርት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ። መንጃ ፈቃድ አይደለም፤ ግሪን ካርድም አይደለም። ፓስፖርቱ ሊታደስ ከሆነ መጀመሪያ አሳድሱት። ከዚያ ፓኪንግ ሊስቱም (የዕቃው ዝርዝር)፣ ኢንሹራንሱም፣ ውክልናውም ያንኑ ስም ይያዙ።

ጊዜው ወሳኝ ነው። መርከቡ ሳይነሳ ከሆነ አንድ ኢሜይል ይበቃል። መርከቡ ተነስቶ ማኒፌስቱ (የመርከቡ የጭነት መዝገብ) ከተላለፈ፣ ከመርከብ ድርጅቱ የማስተካከያ ደብዳቤና ክፍያ ይጠየቃል። ዕቃው ከደረሰ በኋላ ከሆነ ደግሞ ጉምሩክም መርከብ ድርጅቱም መስማማት አለባቸው፤ እናንተም በየቀኑ ትከፍላላችሁ። «ረቂቁን በስልኬ አየሁት፣ ደህና ይመስላል» የሚል ደንበኛ ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። ደህና ይመስላል ማለት አልታየም ማለት ነው።

ረቂቁ እጃችሁ ላይ እያለ ሁለት ነገር ጨምራችሁ እዩ። አንደኛ፣ ዕቃው ሲደርስ የሚነገረው ሰው ስልክ። ብዙዎች የአሜሪካ ስልካቸውን ያስጽፋሉ። ከዚያ ያንን መስመር ዘግተው አውሮፕላን ይሳፈራሉ። ማስታወቂያው ለተዘጋ ስልክ ይላካል። የሚያነሳ ሰው ያለበት የኢትዮጵያ ስልክ አስገቡ። ሁለተኛ፣ መድረሻው። ኢትዮጵያ ወደብ የላትም፤ ዕቃው የሚራገፈው ጅቡቲ ነው። ቢሉ ጅቡቲ ብሎ ካቆመ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የእናንተ ዕዳ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የሚተላለፍ ትራንዚት ዕቃ መሆኑ፣ የመጨረሻ መድረሻውም ሞጆ ወይም ሌላ ደረቅ ወደብ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ። መልቲሞዳል ነው ወይስ ዩኒሞዳል? መልሱን በጽሑፍ ያዙ። መልቲሞዳል ከሆነ አጓጓዡ እስከ ደረቅ ወደቡ ያደርስላችኋል። ዩኒሞዳል ከሆነ ጅቡቲ ላይ አስተላላፊ የምትቀጥሩትም፣ ከባድ መኪና የምትፈልጉትም እናንተ ናችሁ።

ምልክት፦ ስሙ ትክክል ነው፣ መርከብ ድርጅቱ ግን አይለቅም

ፎርዋርደሩ ገንዘባችሁን ወስዶ ለመርከብ ድርጅቱ አልከፈለም ማለት ሊሆን ይችላል። ያማል፣ ግን ይደርሳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ዓይነት ቢል አለ። መርከብ ድርጅቱ ለፎርዋርደሩ የሚሰጠው ማስተር ቢል ይባላል። ፎርዋርደሩ ለእናንተ የሚሰጠው ሀውስ ቢል ነው። እናንተ የያዛችሁት ሀውስ ቢሉን ነው፤ ኮንቴነሩን የሚያስለቅቀው ግን ማስተሩ ነው። ማስተሩ ካልተከፈለበት የእናንተ ወረቀት ምንም አያመጣም። ተከፍሎም እንኳ መድረሻ ላይ ያለው ወኪል ዴሊቨሪ ኦርደር (ዕቃው ይለቀቅ የሚል ትእዛዝ) ለመስጠት ያልተነገራችሁን ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል። «ከሁሉም ርካሽ ነኝ» የሚለው ሰው ትርፉን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ቤተሰብ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ የተዋወቁትን ሰው አምነው በጥሬ ገንዘብ ከፈሉ። ደረሰኝ የለም። ሰውየው ስልክ ማንሳት አቆመ። መጨረሻ ላይ የመርከቡን ኪራይ ለሁለተኛ ጊዜ ከፍለው ነው ዕቃቸውን ያዩት።

ስለዚህ ከአሜሪካ የሚልክ ድርጅት በፌዴራል ማሪታይም ኮሚሽን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። የኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ ማንም ሰው በነጻ ፈልጎ ማየት ይችላል። የማስተር ቢሉን ቁጥርና የኮንቴነሩን ቁጥር ተቀበሉ፤ መርከብ ድርጅቱ ገጽ ላይ ራሳችሁ ተከታተሉ። መድረሻ ላይ የሚከፈለውን ሁሉ ዘርዝሮ እንዲጽፍላችሁ አድርጉ። ጥሬ ገንዘብ አትስጡ። የአገር ልጅ ቢሆንም አትስጡ። በተለይ የአገር ልጅ ነኝ ብሎ ደረሰኝ ከከለከላችሁ አትስጡ።

ምልክት፦ ፈታሹ ኮንቴነሩን እስከ መጨረሻው አስራገፈ

ፓኪንግ ሊስቱን አውጥታችሁ እዩት። «የተለያዩ የቤት ዕቃዎች፣ 90 ካርቶን» ይላል? እንግዲህ ፈታሹ ምን ያድርግ? የተለያየው ምን እንደሆነ ሊያይ ነው የመጣው።

እያንዳንዱ ካርቶን ቁጥር ይኑረው። በቁጥሩ ትይዩ ውስጡ ያለው ይጻፍ፦ ድስት፣ አንሶላ፣ መጽሐፍ። ያገለገለው «ያገለገለ» ይባል፣ አዲሱም «አዲስ»። ኤሌክትሮኒክስ ከሆነ ሞዴሉና ሲሪያል ቁጥሩ ይገባ። ጥያቄ የሚያስነሱትን ዕቃዎች፣ ቴሌቪዥኑን፣ ፍሪጁን፣ ያልተከፈተውን ካርቶን፣ በሩ አጠገብ ጫኑ። ፈታሹ የፈለገውን በሩ ላይ ካገኘ ሶፋችሁን ፀሐይ ላይ አያወጣም። ለዘመድ ሁሉ የተገዙ ተመሳሳይ ስልኮች ግን የቤት ዕቃ ናቸው ብላችሁ አትከራከሩ። ያ ንግድ ነው፣ እንደ ንግድም ይቀረጣል።

ምልክት፦ ዲሙሬጁ (ዕቃው ሳይነሳ ለቆየበት የሚከፈለው) ከዕቃው ዋጋ በለጠ

ኮንቴነሩ ቀድሞ ደርሶ ባለቤቱ ገና አሜሪካ ነው። ልጆቹ ትምህርት አልጨረሱም፣ ቤቱ አልተሸጠም፣ ምክንያቱ ብዙ ነው። ቆጣሪው ምክንያት አይሰማም። ሒሳቡም ሁለት ነው፤ መርከብ ድርጅቱ ለኮንቴነሩ፣ ወደቡ ደግሞ ለቦታው ያስከፍላል። ነጻ ቀኖቹ ስንት እንደሆኑ ከመጫናችሁ በፊት በጽሑፍ ያዙ።

የመርከብ ቀን አትመኑ። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር ጥቃት የተነሳ ብዙ መርከቦች አፍሪካን በደቡብ ጫፍ ዞረው መሄድ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 የባልቲሞር ድልድይ ሲደረመስ ደግሞ ከሜሪላንድ ሊጫን የነበረ ዕቃ ወደ ሌላ ወደብ ዞረ። ሁለቱንም ቀድሞ ያወቀ አልነበረም። ስለዚህ መጀመሪያ እናንተ ግቡ፣ ኮንቴነሩ ይከተላችሁ። ካልተቻለ ውክልና ላኩ። ውክልናው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል ይዘጋጃል፤ እዚህ ደግሞ ውጭ ጉዳይና ሰነዶች ማረጋገጫ ያልፋል። ውስጡ ዕቃ ከጉምሩክ ማስለቀቅ የሚል ቃል በግልጽ ይኑረው። ቤት ለመሸጥ የሰጣችሁትን የቆየ ውክልና ይዞ የሚመጣ ወንድም አያድናችሁም።

ምልክት፦ ቀረጡ ጎረቤት ከነገረኝ እጥፍ ሆነ

ጎረቤትህ መቼ ነው ያስገባው? ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በዶላር ያው የሆነ ዕቃ በብር ሲሰላ ሌላ ቁጥር ነው። ደግሞ ቀረጥ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም። የመርከብ ኪራይና ኢንሹራንሱም ይደመራሉ። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ የሚታሰበው ደግሞ ቀረጡ ከተደመረ በኋላ ነው። ለተመላሾች ያለው መብት በመመሪያ የሚቀያየር ነውና የወቅቱን ከጉምሩክ ኮሚሽን ጠይቁ። መልሱን በወረቀት ይዛችሁ ተነሱ።

ምልክት፦ ፍሪጁ በገባ በሳምንቱ ተቃጠለ

ይኼንን ስንቴ ልናገር። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ሰው ትራንስፎርመር ገዝቶ ጨረስኩ ይላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ኸርዙን አይነካም። ሞተር ያለው ዕቃ፣ ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ በሌላ ኸርዝ ሲዞር ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ይግላል፣ ዕድሜው ያጥራል። መርካቶ የሚሸጠው ስስ ትራንስፎርመር ደግሞ የተጻፈበትን ዋት አይሸከምም። እሱ ራሱ ይቀድማል።

ከኋላው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። 100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ ካለ ጫኑት። ላፕቶፕና ብዙ ቴሌቪዥን እንደዚያ ነው። 120 ብቻ ካለ እዚያው ሽጡት። ባለ 20 ፊት ኮንቴነር 33 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ ቦታውን ለማይሠራ ፍሪጅ አትከራዩት።

ምልክት፦ ፍራሹ ሻገተ፣ ካርቶኑ ረጠበ

መጀመሪያ ቀዳዳ ፈልጉ። ከመጫኑ በፊት ውስጥ ገብታችሁ በሩን ሌላ ሰው ይዝጋ፤ ብርሃን ከታየ ኮንቴነሩ ይመለስ። ቀዳዳ ከሌለ ጥፋቱ የአየሩ ነው። ከቀዝቃዛ አገር የተዘጋ አየር ቀይ ባሕር ላይ ሲግል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። እርጥበት መጣጭ ከረጢት ስቀሉ፣ ላይኛውን ካርቶን በካርቶን ሸፍኑ። ያልደረቀ ምንጣፍ ወይም የታጠበ የጓሮ ማሽን አታስገቡ። ፍራሹንም እርጥብ ሳለ በፕላስቲክ አትጠቅልሉት፤ ውስጡ ያለው እርጥበት መውጫ ያጣል።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

የኮንቴነሩ በር ማሸጊያ (ሲል) ቁጥር ቢሉ ላይ ካለው አይገጥምም፦ በሩ ሲታሸግ ፎቶ አንሱ፣ ቁጥሩ እንዲታይ።

የእንጨት ሳጥን ተያዘ፦ በሙቀት የታከመ መሆኑን የሚያሳየው ማህተም የለውም። ያልታተመ ፓሌት አትጠቀሙ።

ድሮን፣ የሳተላይት ስልክ፣ ባይኖኩላር፦ ያለ ፈቃድ አታምጡ። «ለወፍ ማያ ነው» ማለት አላዳነም።

መኪና፦ ቤንዚን መኪና ማስገባት እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ተከልክሏል። አትከራከሩኝ።

ኮንቴነሩን ገዝቼ ሱቅ ላደርገው ነው፦ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ባዶውን ጅቡቲ ከመመለስና ከማስያዣ ገንዘብ ትገላገላላችሁ። ግን በሩ ላይ የደኅንነት ሰሌዳው መኖሩንና የምርመራው ጊዜ አለማለፉን ሳታዩ አትክፈሉ። «እንዳለ ነው የምሸጠው» የሚል ሻጭ ሰሌዳው ያለፈበትን ይሰጣችኋል፤ መርከብ ድርጅቱ ደግሞ ተጭኖ፣ ታሽጎ ወደብ ከደረሰ በኋላ ይመልሰዋል። ያን ጊዜ ሁሉንም አውርዶ ሌላ ኮንቴነር ላይ የሚጭነው ሰው በሰዓት ነው የሚከፈለው።