የነጥብ 22 ኢላማ ሽጉጥ ሲያስቸግር

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር የጀልባ ሞተር ነው የምጠግነው። ከዚያ በፊት ውጭ አገር ስኖር ቅዳሜ ቅዳሜ ክለብ ሄጄ በነጥብ 22 (ትንሽ ጥይት በሚተኩስ) ሽጉጥ ኢላማ እተኩስ ነበር። እዚያ የቀሩ ጓደኞቼ አሁንም «አስቸገረኝ» እያሉ ይደውላሉ። መልሴ ለጀልባ ባለቤቶች ከምሰጠው አይለይም፦ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት አጽዱ፣ በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። እዚህ አገር ላላችሁ ግን በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሳሪያ መያዝ ክልክል ነው።

ማንኛውንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ካርታውን (ጥይት የሚሞላበትን መያዣ) አውጡ፣ የሽጉጡን ተንሸራታች ክፍል ወደ ኋላ ሳቡት፣ ውስጡ ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ።

ቃታ ስባችሁ «ቀጭ» ብሎ ከቀረ

አፈሙዙን ከኢላማው ሳታነሱ 30 ሰከንድ ጠብቁ፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ ጥይት አለ። ከዚያ አውጡትና የቀለሁን (የጥይቱን ብረት ቅርፊት) ጠርዝ እዩ። የነጥብ 22 ጥይት የሚፈነዳው ቅመም ያለው መሃሉ ላይ አይደለም፣ ጠርዙ ውስጥ ዙሪያውን ነው። ቃታ ሲሳብ ጥይቱን የሚመታው መርፌም የሚያርፈው ጠርዙ ላይ ነው። ምቱ ጥልቅ ሆኖ ካልፈነዳ ጥፋቱ የጥይቱ ነው፤ ቅመሙ እዚያች ቦታ ላይ በደንብ አልደረሰም ማለት ነው፣ ርካሽ ጥይት ላይ ይበዛል። ምቱ ጫር ያደረገው ያህል ብቻ ከሆነ ግን መርፌው የሚመላለስበት ቦይ በጥላሸትና በረጋ ዘይት ተይዟል፣ ወይም ስፕሪንጉ ደክሟል። ቦዩን አጽዱና ደረቅ አድርጋችሁ መልሱ። አንድ ወዳጄ ስፕሪንግ አዝዞ፣ ጠብቆ፣ ገጥሞ ያው ሆነበት። በመጨረሻ የፈታው በጥርስ ብሩሽ ነው።

ድምፁ ደክሞ «ፍስ» ካለ እዚያው አቁሙ። እርሳሱ (ከቀለሁ ተለይቶ ወደ ኢላማው የሚሄደው ክፍል) በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል፤ ከኋላው ሌላ ብትተኩሱ በርሜሉ ሊፈነዳ ይችላል። በርሜሉ ክፍት መሆኑን ሳታዩ አትቀጥሉ።

ቀለሁ ተቀርቅሮ ከቀረ

የዚህ ጥይት እርሳስ ብዙ ጊዜ ራቁቱን ነው፣ ሰም ብቻ ነው የተቀባው። ሰሙና ጥላሸቱ ጥይቱ የሚቀመጥበት ቤት ውስጥ ይጋገራል፣ ቀለሁን የሚነቅለው ጥፍር ሥርም ይሞላል። መጀመሪያ እነዚህን አጽዱ። ካልተሻለው ትንሽ ጉልበት ያለው ጥይት ሞክሩ። ስትተኩሱ የእጅ አንጓችሁን ማላላትም መቀርቀሩን ያመጣዋል።

ጥይቱ ሁሉ ግራና ታች ከሄደ

በቀኝ እጅ ለሚተኩስ ሰው ይህ ብዙውን ጊዜ የማነጣጠሪያ ችግር አይደለም። ድምፁን ፈርታችሁ ቃታውን እየነጠቃችሁት ነው። እኔን ያዳነኝ ይኸው ነው፦ ጓደኛዬ ሳላይ በጥይቶቹ መሃል የልምምድ ባዶ ጥይት (ምንም የማይፈነዳ) ቀላቀለልኝ። ባዶው ላይ ስደርስ አፈሙዙ ወደ ታች ሲዘል በዓይኔ አየሁት፣ ያን ቀን አፈርኩ፣ ከዚያ በኋላ ግን ተሻሻልኩ። መኖሪያ ቤታችሁ ውስጥ እውነተኛ ጥይት ሳትጨምሩ ቃታ ስትለማመዱ ግን መርፌው የጥይት ቤቱን ጠርዝ እንዳይቀጠቅጠው የልምምድ ጥይት ክተቱበት።

ሽጉጡን ማሻሻል ካሰባችሁ ከእጀታው ጀምሩ። ለእጃችሁ ልክ የሆነ እጀታ ከምንም ነገር በላይ ይለውጣችኋል። ቀጥሎ ማነጣጠሪያው ነው። ቃታ ማቅለሉን ለባለሙያ ተዉት፤ በ25 ሜትር ዓለም አቀፍ የሽጉጥ ውድድር እንኳ ቃታውን ለመሳብ የሚጠይቀው ክብደት ከ1000 ግራም በታች መሆን አይፈቀድለትም።

ዝገት ካያችሁ ማስቀመጫውን እዩ። ክረምት ሲገባ እዚህ ጣና ዳር የሞተር ብሎን በሳምንት ሲቀላ አያለሁ፣ ቆዳ አፎት ደግሞ እርጥበት ይይዛል። አውጥታችሁ፣ ስስ ዘይት ቀብታችሁ፣ በተቆለፈ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ።

ከተኩስ በኋላ ደግሞ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ጣታችሁ ላይ የቀረው መርዛማ የእርሳስ ብናኝ ነው፣ እንጀራ የምንበላውም በእጃችን ነው።