ሐኪሙ ያለው ሳይገባችሁ ከክፍሉ አትውጡ

የምኖረው ቡራዩ ነው። አፌን የፈታሁት በኦሮምኛም በአማርኛም ነው። ስለዚህ ልጅ እምቢ ያላቸው ጎረቤቶቼ አዲስ አበባ ሐኪም ጋ ሲሄዱ «አብረሽን ነይ» ይሉኛል። ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የመንግሥት አይቪኤፍ (እንቁላልና ዘር ከሰውነት ውጭ ተገናኝተው ፅንሱ ማህፀን ውስጥ የሚገባበት ሕክምና) ማዕከል ከከፈተ ወዲህ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። እዚያም ሆነ ሌላ ቦታ ለምትሄዱ፣ በተለይ አማርኛ ለሚከብዳችሁ፣ ይህን እወቁ።

በመጀመሪያ አማታችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። ክፋት ስላላት አይደለም። ሐኪሙ ከዚህ በፊት ፅንስ ተቋርጦ እንደሆነ፣ በሽታ እንደነበር፣ በሳምንት ስንቴ እንደምትገናኙ ይጠይቃል። በአማቷ ፊት ይህን የምትመልስ ሴት አላየሁም። ባልየውም ለዘር ፈሳሽ ምርመራ ከመምጣቱ በፊት ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት መቆጠብ አለበት። እናት ይህን ለልጇ እንዴት ትበል? «ለጥቂት ጊዜ ተጠንቀቅ» ብላ ታልፈዋለች። እሱ ደግሞ ብዙ ቀን በቆየ ቁጥር የተሻለ መስሎት ወር ሙሉ ይቆያል። ሲረዝም የዘሩ እንቅስቃሴ ይደክማል፤ ውጤቱም ትክክለኛውን አያሳይም። ካርድ ክፍል ስትደርሱ «ኦሮምኛ የሚችል ነርስ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ አለ። ከሌለ ዘመድ ያልሆነ፣ ምስጢር የሚይዝ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። የሚያስተረጉመው ሰው እንዳይጨምር፣ እንዳይቀንስ፣ እናንተን ወክሎ እንዳይመልስ ቀድማችሁ ንገሩት። ባልም አብሮ ይግባ፤ ችግሩ በሴቷ ብቻ አይደለም፣ ወንዱም እኩል ይመረመራል።

አሁን ትልቁ ነገር፤ ቀንና ሰዓት። «በ3ኛው ቀን ነይ» ስትባሉ የሚቆጠረው የወር አበባ ደም በደንብ መፍሰስ ከጀመረበት ቀን ነው። ጠብ ጠብ ካለበት ወይም ከቆመበት ቀን አይደለም። ቀጠሮ ወረቀት ላይ 5/5 ተጽፎ ካያችሁ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ። በእኛ ጥር 5 ነው፤ በፈረንጆቹ ግን ሜይ 5 ነው፣ እሱም በእኛ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ይውላል።

ሰዓቱ ከዚህም ይብሳል። በአይቪኤፍ ሐኪሙ እንቁላሉን የሚያወጣው፣ እንቁላሉን የሚያበስለው የመጨረሻው መርፌ ከተወጋ ከ36 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ሐኪሙ በፈረንጅ አቆጣጠር «ማታ 9» ብሎ ቢጽፍ ከምሽቱ 3 ሰዓት ማለቱ ነው። እናንተ ሌሊት 9 ሰዓት ከወጋችሁት 6 ሰዓት ዘገያችሁ ማለት ነው። እንቁላሉ ሊወጣ ሲደርስ ገና አልበሰለም። ያ ሁሉ መርፌ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ! ስለዚህ «በሐበሻ ሰዓት ይጻፉልኝ» በሉ። ማታ፣ ሌሊት፣ ጠዋት የሚለውም አብሮ ይጻፍ። ማንም በዚህ አይቆጣም፤ ቢቆጣም ይቆጣ።

ከመነሳታችሁ በፊት «ዶክተር፣ የገባኝን ልንገርዎትና ያርሙኝ» በሉ። ከዚያ በምትችሉት ቋንቋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገሩ፤ አስተርጓሚው ለሐኪሙ ይመልስለት። እኔ ከሁሉ የማምነው ይህን ነው። «ገባሽ?» ሲባል ሁሉም ሰው «አዎ» ይላል፤ ስትናገሩት ግን የቀረው ይወጣል። ሐኪሙ ከፈቀደ በስልክ ቅዱት።

የስምምነት ቅጹ በእንግሊዝኛ ከሆነ እስኪነበብላችሁ አትፈርሙ። በተለይ ስንት ፅንስ ማህፀን ውስጥ እንደሚገባና የተረፈው ምን እንደሚሆን ጠይቁ፤ ይህ የባልና ሚስቱ ውሳኔ ነው።

የድንገተኛ ስልክ ቁጥርም ተቀበሉ። ሆድ በጣም ሲነፋ፣ ትንፋሽ ሲያጥር ወይም ደም ሲበዛ በሌሊትም ቢሆን ይደወላል። የሚያነሳው ኦሮምኛ የማይሰማ ከሆነ፣ ማን እንደሚደውልላችሁ ከዚያው ቀን ጀምሮ ተነጋገሩ፤ ስሙንም ካርዱ ላይ አስጽፉ።