ማሽኑ ጮኸ ማለት ዩራኒየም ተያዘ ማለት አይደለም

ዜናው የኢራን ወይም የሩሲያ በሆነ ቁጥር ቡና ላይ ሁላችንም የኒውክሌር ሊቅ እንሆናለን። እኔም አለሁበት። ግን በኮንትሮባንድ የሚዘዋወር የኒውክሌር ቁስ እንዴት ይገኛል፣ ከተገኘ በኋላስ ከየት እንደመጣ በምን ይታወቃል በሚለው ላይ ደጋግመን የምንስታቸው ነገሮች አሉ። ተማሪውም ይስታቸዋል፣ ጋዜጠኛውም፣ ፖለቲከኛውንማ ተዉት። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ማሽኑ ጮኸ፤ ተያዘ ማለት ነው»

ወደብና ኬላ ላይ የሚተከሉት ትልልቅ የጨረር መፈተሻዎች የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። እዚህ ከወትሮው የበዛ ጨረር አለ። የምን ጨረር? እሱን አይነግሯችሁም። ሙዝ የጫነ መኪና ሊያስጮሃቸው ይችላል፤ ሙዝ ውስጥ በተፈጥሮው ጥቂት ጨረር የሚለቅ ፖታሲየም አለና። ማዳበሪያ፣ ሴራሚክ፣ ግራናይት፣ የድመት አሸዋ ሳይቀር ያስጮሃቸዋል። ሰውም እንደዚሁ። የእንቅርት ዕጢው ከልክ በላይ እየሠራ አስቸግሮት ራዲዮአክቲቭ አዮዲን የወሰደ ሰው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ማንቂያ ሊቀሰቅስ ስለሚችል ሐኪሞች ደብዳቤ ጽፈው ያስይዙታል።

ስለዚህ ከጩኸቱ በኋላ ሁለተኛ ሥራ አለ። በእጅ የሚያዝ ሌላ መሣሪያ ይመጣና የጋማ ጨረሩን ጉልበት ይለካል። ክራርና በገና ሁለቱም ባለ ክር ናቸው፤ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትሰሟቸው ግን አትሳሳቱም። እዚህም እንደዚያ ነው። ሲዚየም 137 (ቁጥሩ የአንዱን ንጥረ ነገር ዓይነቶች መለያ ነው) በ662 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት፣ ማለትም በጨረር ጉልበት መለኪያው፣ ይሰማል፣ የሙዙ ፖታሲየም 40 በ1461፣ ዩራኒየም 235 ደግሞ በ186። ይህ ሳይነበብ «ኒውክሌር ተያዘ» ብሎ ዜና መሥራት ሙዝን በቦምብ መክሰስ ነው።

«ካልጮኸ ምንም የለም»

ይሄ ይብሳል። ለቦምብ የሚፈለገው ዩራኒየም 235 ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ግማሹ በስብሶ እስኪያልቅ የሚፈጀው ጊዜ፣ 700 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ይህን ያህል ቀስ ብሎ የሚበሰብስ ነገር በሰከንድ የሚለቀው ጨረር ትንሽ ነው፤ የሚለቀውም ደካማ ነው። ለቦምብ የሚሆነው ቁስ ከሁሉ በላይ የሚጮህ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ከእሱ ይልቅ የሆስፒታል ሲዚየም እጅግ ይጮሃል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የምወደው ታሪክ ስላለ። ግንቦት 1999፣ ቡልጋሪያ፣ ሩሴ ከተማ፣ ዳኑብ ወንዝ ላይ ያለው የድንበር ኬላ። ከቱርክ የመጣ መኪና ወደ ሩማኒያ ሊሻገር ቆሟል። የሹፌሩ አኳኋን ለጉምሩክ ሰዎቹ አላማራቸውም። ሲፈትሹ ስለ ዩራኒየም የሚናገር ወረቀት ተገኘ። በደንብ ሲበረብሩ ደግሞ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ የነበረ የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ሆድ ውስጥ አንድ ከባድ የእርሳስ (የብረቱ እንጂ የመጻፊያው አይደለም) ዕቃ ወጣ። እርሳሱ ውስጥ ቢጫ ሰም፣ ሰሙ ውስጥ የመስታወት ብልቃጥ፣ ብልቃጡ ውስጥ 4 ግራም ገደማ ጠቆር ያለ ዱቄት። አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ፍንጩን የሰጠው ማሽን ሳይሆን የሰው ዓይን ነው።

ብልቃጡ ወደ ካሊፎርኒያ፣ ሎውረንስ ሊቨርሞር ላቦራቶሪ ሄደ። ያወጡትን እዩልኝ። ዱቄቱ እስከ 73 በመቶ ገደማ የበለጸገ ዩራኒየም ነው፤ ማለትም ከዩራኒየሙ ይህን ያህሉ ዩራኒየም 235 ነው። በዚያ ላይ ዩራኒየም 236 በብዛት አለበት፤ ይሄኛው ደግሞ ተፈጥሮ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል፣ የሚፈጠረው ሪአክተር ውስጥ ነው። ስለዚህ ዱቄቱ በአንድ ወቅት 90 በመቶ የበለጸገ ነዳጅ ነበረ፣ ሪአክተር ውስጥ ነደደ፣ ከዚያ ተወስዶ እንደገና ተጣራ ማለት ነው። መቼ ተጣራ? በ1993 መጨረሻ ገደማ። ቢጫው ሰም ባሪየም ክሮሜት በሚባል ነገር የተቀባ ነው፤ ሰም ለማቅለም የተለመደ አይደለም። ከእርሳሱ ዕቃ ጋር የነበረው ወረቀት ከየትኞቹ ዛፎች እንደተሠራ ሳይቀር ታይቶ ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ጠቆመ። እርሳሱም አሜሪካዊ አይደለም።

ሁለት ዓመት ቆይቶ በ2001 ፓሪስ ላይ ግማሽ ግራም ገደማ ተያዘ። እሱም በሰምና በእርሳስ የታሸገ ብልቃጥ፣ እሱም ከ70 በመቶ በላይ የበለጸገ። በ2011 ሞልዶቫ ላይ ደግሞ ሌላ። አንድ እጅ የጠቀለላቸው ይመስላሉ። ታዲያ ይሄ ሁሉ ተደርጎ ዱቄቱ ከየትኛው ግቢ፣ በማን እጅ እንደወጣ ለሕዝብ የተነገረ ቁርጥ ያለ መልስ የለም። ይህ በቀጥታ ወደሚቀጥለው ስህተት ይወስደናል።

«ላቦራቶሪ ከገባ ባለቤቱ ይታወቃል»

ፊልም ነው ያጠፋን። አሻራ የሚጠቅመው ማኅደር ውስጥ የሚነጻጸር አሻራ ሲኖር ነው። አንድ አገር የሠራችውን ዩራኒየምና ፕሉቶኒየም ዝርዝር ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጥም፤ ከመቆለፊያ በስተጀርባ ታስቀምጠዋለች። ስለዚህ ላቦራቶሪ ብዙ ጊዜ በድፍረት የሚናገረው «ከዚህ አይደለም» የሚለውን ነው። «ከዚህ ነው» ለማለት ናሙና ያስፈልጋል።

ናሙናው ሲገኝ ግን ያስገርማል። በ2003 የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ተቆጣጣሪዎች ናታንዝ በሚባለው የኢራን ማበልጸጊያ ላይ ግድግዳና ዕቃ ጠረጉ። መጥረጊያው 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጥጥ ጨርቅ ነው፤ ሌላ ተአምር የለውም። በጨርቁ ላይ በዓይን የማይታዩ ከፍተኛ የበለጸጉ የዩራኒየም ቅንጣቶች ተገኙ። ኢራን «እኛ አላበለጸግነውም፤ ከውጭ ከገዛነው ዕቃ ጋር የመጣ ነው» አለች። ሰበብ ይመስላል። በ2005 ፓኪስታን ያገለገሉ የሴንትሪፉጅ (ዩራኒየም እየሾረ የሚያበለጽግ ማሽን) ክፍሎችን ለኤጀንሲው ሰጠችና ሲነጻጸር፣ ከፍተኛ የበለጸጉት ቅንጣቶች በአብዛኛው ከዚያ ጋር ገጠሙ። ስለ ሌላው የኢራን ጉዳይ የፈለጋችሁትን አስቡ፤ በዚህኛው አቧራው ለእሷ መሰከረላት።

«ዕድሜው 6 ዓመት ነው» ሲባል ግራ መጋባት

ዕድሜ ሲሉ ማዕድኑ ከመሬት ከወጣ ወይም ምድር ከተፈጠረች ወዲህ ማለታቸው አይደለም። ለመጨረሻ ጊዜ በኬሚካል ከተጣራ ወዲህ ማለታቸው ነው። ጠጅ ስንት ቀኑ ነው ስንል ከተጣለበት ቀን እንቆጥራለን እንጂ ንቦቹ ማሩን ከሠሩበት አንቆጥርም። ዩራኒየም 234 ቀስ እያለ ወደ ቶሪየም 230 ይለወጣል። ሲጣራ ቶሪየሙ ይወገዳል፤ ሰዓቱ ዜሮ ይላል፤ ከዚያ እንደገና መጠራቀም ይጀምራል። የተጠራቀመውን መዝኖ ወደ ኋላ መቁጠር ነው።

ወጥመዱ ምን መሰላችሁ? ጋኑ በደንብ ካልታጠበስ? ሲጣራ ትንሽ ቶሪየም ከቀረ ዱቄቱ ከዕድሜው በላይ አርጅቶ ይታያል። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ባለሙያ በሌላ ሰዓትም፣ ከዩራኒየም 235 በሚወለደው ፕሮታክቲኒየም 231 የሚያረጋግጠው። ሁለቱ ሰዓቶች ከተስማሙ ጥሩ። ካልተስማሙ የጎደለ ነገር አለ።

«መጀመሪያ እንጠበው»

ጨረር ያለበት ነገር ሲገኝ የሁሉም ምኞት ቶሎ ማጽዳት ነው። የሰው ጤና ይቅደም፤ እሱ ላይ ክርክር የለም። ግን ዕቃው ራሱ በውሃና በሳሙና ከተጠረገ የጣት አሻራው፣ ፀጉሩ፣ ዲኤንኤው፣ የአበባ ብናኙ አብሮ ይሄዳል። የሩሴው ሰምና ወረቀት ታጥቦ ቢሆን ኖሮ ግማሹን ታሪክ አናውቀውም ነበር።

«ቁጥሩ ጎደለ፤ ስለዚህ ተሰረቀ»

በ1972 ፈረንሳይ፣ ፒየርላት የማበልጸጊያ ማዕከል ውስጥ አንድ ሚዛን አልገጥም አለ። የተፈጥሮ ዩራኒየም የትም ቢቆፈር 0.7202 በመቶው ዩራኒየም 235 ነው። የመጣው ናሙና ግን 0.7171 ይላል። ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል፤ ለእነዚህ ሰዎች ግን ዩራኒየም 235 የሚቆጠረው እንደ ወርቅ ነው። የት ገባ? ዱካውን ተከትለው ጋቦን፣ ኦክሎ የሚባል ማዕድን ማውጫ ደረሱ። እዚያማ 0.44 የሚል አለት ተገኘ።

ሌባ አልነበረም። ከ2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ዩራኒየም 235 ዛሬ ካለው እጅግ በሚበዛበት ጊዜ፣ የከርሰ ምድር ውሃ እየረዳው አለቱ በራሱ ጊዜ ሪአክተር ሆኖ ነደደ። የጠፋው ተቃጥሎ ነው። አፍሪካ ከሁሉም ቀድማ ሪአክተር ነበራት ብላችሁ ብትፎክሩ የሚከለክላችሁ የለም።

«ሁሉም የቦምብ ነገር ነው»

ኤጀንሲው በሚይዘው መዝገብ ከ1993 ወዲህ አገሮች ያሳወቋቸው ከ4,000 በላይ ክስተቶች አሉ። አብዛኛው ከቦምብ ጋር አይገናኝም። የጠፋ፣ የተጣለ፣ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር የተቀላቀለ ዕቃ ነው። ማለትም የቁራሌ ነገር ነው።

መስከረም 1987፣ ብራዚል፣ ጎያኒያ። ሁለት ሰዎች ከተተወ የጨረር ሕክምና ክሊኒክ አንድ ከባድ ዕቃ ወስደው ለብረታ ብረት ገዢ ሸጡት። ውስጡ በጨለማ ሰማያዊ የሚያበራ የሲዚየም ዱቄት ነበረ። ሰው ተጠርቶ ታየ፣ ለወዳጅ ዘመድ ተከፋፈለ። ቤተሰቡ ሲታመም የጠረጠረችው የገዢው ሚስት ናት፤ ዕቃውን በከረጢት አስይዛ በአውቶቡስ ጤና ጣቢያ አደረሰችው። በማግስቱ አንድ የፊዚክስ ባለሙያ የተዋሰውን መለኪያ ይዞ ገና ወደ ቦታው ሲቃረብ ቆጣሪው ጫፍ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ተበላሽቷል ብሎ ሊቀይር ተመለሰ! ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። እሱ ሲደርስ የእሳት አደጋ ሰዎች ዕቃውን ወንዝ ሊጥሉት ነበር፤ እሱ ነው ያስቆማቸው። አራት ሰው ሞተ፣ ሚስትየዋም ከእነሱ አንዷ ነች፤ አንዷ ደግሞ የ6 ዓመት ልጅ። 112,000 ያህል ሰው ተመረመረ፤ 249ኙ ላይ ብክለት ተገኘ።

እዚህ ውስጥ ሌላ ስህተት አለ፤ ሳልዘነጋው። መለኪያ ያልጠበቃችሁትን ቁጥር ሲያሳይ መጀመሪያ ራቅ በሉ፣ ማሽኑን ከዚያ ጠርጥሩ።

«ቀይ ሜርኩሪ አለኝ፤ ገዢ ፈልግልኝ»

ለቦምብ ይሆናል እየተባለ በውድ የሚወራለት ቁስ ነው። የለም። በቃ፣ የለም። ይህ ቁስ በየትኛውም ላቦራቶሪ ተገኝቶ አያውቅም፤ በስሙ የተያዘው ሁሉ ተራ ሜርኩሪ፣ ቀለም የገባበት ዱቄት ወይም ዝም ብሎ ማጭበርበሪያ ነው። ወሬው ግን አይሞትም። በ2009 ሳዑዲ ውስጥ የድሮ ሲንገር የልብስ ስፌት መኪና ቀይ ሜርኩሪ አለበት ተባለና ዋጋው በአንድ ጊዜ አሥር ሺዎች ሪያል ውስጥ ገባ። የአያት መኪና ከጓዳ ወጣ። መመርመሪያውስ? ጋማም የለ፣ የላቦራቶሪ መመዘኛ ማስ ስፔክትሮሜትርም የለ፤ ሞባይል ነው። ስልኩን መርፌው አጠገብ ስታስጠጉት መስመሩ ከተቋረጠ አለበት ማለት ነው ይባላል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ሰፈር ሁሉም መኪና ሀብታም ያደርጋል ማለት ነው።