ኪኩ ለምን አይወፍርም? የቤዝ ድራም ችግርና መፍትሄ

ቤዝ ድራሙን (ኪኩን)፣ ማለትም በእግር ፔዳል የሚመታውን ትልቁን ድራም፣ ስትመቱ ደረት ላይ የሚያርፍ «ዱም» ጠብቃችሁ «ጧ» ብሎ ከቀረ፣ ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ አዲስ ዕቃ መግዛት ነው። ቆይ፣ አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ወፍራሙ ድምፅ እዚያው ድራሙ ውስጥ አለ። የምናፍነው እኛው ነን። ከልክ በላይ እናላላዋለን፣ በትራስ እንጠቀጥቀዋለን፣ ወይም ማይኩን ያለቦታው እናስቀምጣለን። ስለዚህ ከድራሙ ጀምሩ። ማይክና ሚክሰር የመጨረሻ ጉዳይ ናቸው።

ወንበሩ ላይ ስሆን ቀጭን ነው

ይሄ ጭራሽ ችግር ላይሆን ይችላል። የሚመታ ሰው ጆሮው የሚቀርበው ፔዳሉ ለሚያርፍበት ቆዳ ነው። ስለዚህ ጎልቶ የሚሰማው ጠቅታው ነው። የወፍራም ድምፅ ሞገድ ደግሞ ረጅም ነው፤ የ60 ሄርዝ ድምፅ አንድ ሞገድ ወደ 5.7 ሜትር ይጠጋል። ክፍሉ ውስጥ አንዱ ቦታ ላይ ይጠነክራል፣ ሌላው ላይ ይጠፋል።

ሌላ ሰው ይምታላችሁ። እናንተ ከፊት ለፊት ሦስት አራት ሜትር ራቁና ክፍሉን ዞር ዞር በሉበት። እዚያ ወፍራም ከሆነ ድራሙን አትንኩት። በየትኛውም ቦታ ቀጭን ከሆነ ግን ድራሙን ከክፍሉ መሃል አንስታችሁ ወደ ግድግዳ አስጠጉት። ጥግ ላይ ደግሞ ይበልጥ ይወፍራል፤ አንዳንዴ ከሚፈለገው በላይ።

«ጧ» ይላል፣ ዜማ የለውም

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ግራ ያጋባል፦ ድምፁ እንዲወፍር ብላችሁ ቆዳውን ያለ ልክ አላልታችሁታል። ቆዳ ለመርገብገብ ውጥረት ያስፈልገዋል። ተጨማድዶ የተንጠለጠለ ቆዳ ተመትቶ ይቀራል እንጂ አየሩን አይገፋም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «ገና ስላልላላ ነው» ብሎ ጭራሽ ይፈታዋል። መድኃኒቱ ግን ትንሽ ማጥበቅ ነው።

እንዲህ አድርጉ። የመምቻውን ቆዳ፣ ማለትም ፔዳሉ የሚያርፍበትን፣ አውጡና የእንጨቱን ጠርዝ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ቆዳውን መልሱ፣ ሪሙን (ቆዳውን ዙሪያውን የሚይዘውን ቀለበት) አስቀምጡ፣ ብሎኖቹን ሁሉ በጣት ብቻ እስኪይዙ ድረስ እሰሩ። ከዚያ መሃሉን በመዳፋችሁ ጫን በሉት። ዳር ዳሩ ላይ፣ ብሎኖቹ አጠገብ፣ መጨማደድ ይታያል። መጨማደዱ ያለበትን ብሎን በቁልፍ ሩብ ዙር አዙሩ፣ ቀጥሎ ከፊት ለፊቱ ወዳለው ተሻገሩ። ጎን ለጎን ያለውን ተራ በተራ ካጠበቃችሁ ቆዳው ወደ አንድ ወገን ይጎተታል። መጨማደዱ ሲጠፋ እያንዳንዱን ሩብ ዙር ጨምሩለት።

አሁን ከየብሎኑ ሁለት ሦስት ጣት ገባ ብላችሁ ዳሩን በቀስታ ቆርቆር አድርጉ። አንዱ ጋ «ቲን»፣ ሌላው ጋ «ዶን» ካለ ገና አልተስተካከለም። ዝቅ ያለውን አጥብቁ። ከፍ ያለውን ደግሞ ከሚፈለገው በታች ፈታ አድርጉና እያጠበቃችሁ ድምፁ ላይ ድረሱ። እያላሉ መጥቶ የቆመ ብሎን ዋል አደር ሲል ይሸሻል።

የፊቱንም ቆዳ በዚሁ መንገድ ሥሩት፤ ድምፁ ከመምቻው ቆዳ ትንሽ ከፍ ቢል ይመረጣል። የመምቻው ቆዳ የአመታቱን ስሜት ይሰጣል። ድምፁን የሚያስረዝመውና ዜማ የሚሰጠው በአብዛኛው የፊቱ ነው። ቀስ እያላችሁ ከፍ ስታደርጉት አንድ ቦታ ላይ ድራሙ ድንገት ይከፈታል። ሆድ ድረስ ይሰማችኋል። እዚያ ላይ አቁሙ።

ዜማ አለው፣ ግን ወዲያው ይሞታል

ውስጡን እዩት። ትራስ አለ? ብርድ ልብስ? አንዳንዱ ድራም ውስጥ የአንድ ሰው ሙሉ አልጋ ይገኛል። ሁለቱንም ቆዳ ሙሉ በሙሉ የነካ ትራስ መጀመሪያ የሚገድለው የምትፈልጉትን ወፍራም ድምፅ ነው፤ ጠቅታው ይተርፋል።

ሁሉንም አውጡና ባዶውን ስሙት። ይጮሃል፣ አትደንግጡ። ባንዱ ሲጫወት ያ ጩኸት አብዛኛው ይዋጣል። የሚያስቸግር ከሆነ አንዲት ፎጣ ጠቅልላችሁ የመምቻውን ቆዳ የታችኛውን ዳር ብቻ እንድትነካ አድርጉ። መጀመሪያ ይህችን ብቻ ሞክሩ። እንደ ሬሞ ፓወርስትሮክ 3፣ ኢቫንስ ኢማድና አኳሪያን ሱፐር ኪክ ያሉ ቆዳዎች ማፈኛቸው አብሯቸው ስለሚመጣ፣ በላያቸው ትራስ መጨመር ድርብ ማፈን ነው።

የፊቱ ቆዳ ላይ ያለውን ቀዳዳም ተመልከቱ። ከ4 እስከ 5 ኢንች ስፋት ያለው፣ ከመሃል ወደ ጎን የወጣ ቀዳዳ ብዙ አይጎዳም። መሃሉ በሰፊው ከተቆረጠ ግን የፊት ቆዳ የለም ማለት ይቻላል። መፍትሄው ሌላ ቆዳ መቀየር ብቻ ነው።

ጠቅታው በዛ፣ ሆዱ ጠፋ

ፔዳሉን እዩ። የፕላስቲክና የእንጨት መምቻ ጠቅታ ያበዛል፤ የተጠቀጠቀ የሱፍ መምቻ ያለሰልሰዋል። መምቻው የሚያርፍበትንም ለኩ፦ ባለ 22 ኢንች ድራም ላይ መሃሉ ከዳር 11 ኢንች ነው። ከዚያ ከራቀ ድምፁ ይቀጥናል።

እግራችሁንም ታዘቡ። መትታችሁ መምቻውን ቆዳው ላይ ተጭናችሁ የምታስቀሩ ከሆነ ቆዳውን እያነቃችሁት ነው። መትቶ እንዲመለስ ተረከዛችሁን ለቀቅ አድርጉና ልዩነቱን ስሙ። አንዳንዱ ሙዚቃ የታነቀውን ይፈልጋል፣ ጥፋት አይደለም። ወፍራም ድምፅ ለሚፈልግ ሰው ግን ይህ ያለ ምንም ወጪ የሚገኝ ለውጥ ነው።

አልስተካከል ካለ

መሃሉ የጎደጎደ ቆዳ አርጅቷል፣ ቀይሩት። አዲስ ቆዳም እምቢ ካለ የእንጨቱን ጠርዝ ጠርጥሩ። ቆዳዎቹን አውጥታችሁ ድራሙን ለጥ ያለ ቦታ ላይ አስቀምጡ፣ ውስጡ መብራት አብሩ፣ ክፍሉን አጨልሙ። ከሥር ብርሃን የሚሾልክበት ቦታ ካለ ጠርዙ ተጎድቷል፤ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

መጠኑም ወሰን አለው። የድምፁን ዝቅታ ይበልጥ የሚወስነው ስፋቱ እንጂ ርዝመቱ አይደለም። ባለ 18 ኢንች ድራም እንደ ባለ 24 አይሆንም። ሁለት ድርብ ያለው ወፍራም ቆዳ ግን ክብደቱ ዝግ ብሎ እንዲርገበገብ ስለሚያደርገው ትንሽ ያወርደዋል።

በባዶው ያምራል፣ በስፒከር ሲወጣ ይቀጥናል

መጀመሪያ ሚክሰሩ ላይ ዝቅተኛ ድምፅ የሚቆርጠውን ቁልፍ እዩ። ብዙዎቹ ላይ ከ80 ወይም ከ100 ሄርዝ በታች ያለውን የሚቆርጥ ቁልፍ አለ። ለድምፃዊ የተጫነ ቁልፍ ኪኩ ላይ ተረስቶ ቀርቶ ይሆናል።

ቀጥሎ የማይኩ ቦታ። ድራሙ ውስጥ ገብቶ መምቻው አጠገብ ያለ ማይክ ጠቅታውን ይይዛል። ወደ ቀዳዳው አፍ ሲመጣ ወፍራሙን ያገኛል። ከቀዳዳው የሚወጣው ነፋስ በቀጥታ እንዳይመታው ትንሽ ጎን አድርጉት። ሁለት ማይክ ካለ የአንዱን ፖላሪቲ (የሞገዱን የላይና የታች አቅጣጫ) ገልብጡና ስሙ፤ የሚወፍረውን ያዙ። ሁለቱ ሲጣሉ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋፋል።

ኢኪው (የወፍራምና የቀጭን ድምፅ መጠን ማስተካከያ) ላይ ወዲያው ታችኛውን አትጨምሩ። ካርቶን ካርቶን የሚለው ድምፅ 300 እና 400 ሄርዝ አካባቢ ስለሚቀመጥ መጀመሪያ እሱን ቀንሱ። ካልበቃ 60 አካባቢ ጥቂት ጨምሩ። ቀረጻውን በስልክ ስፒከር እየሰማችሁ ከሆነ ግን ልፋታችሁ ከንቱ ነው፤ ያ ስፒከር እዚያ ድረስ አይወርድም።

በመጨረሻ ቤዝ ጊታሪስቱን ለትንሽ ጊዜ እንዲያቆም ለምኑት። ሲያቆም ኪኩ ከወፈረ ድራሙ ጤነኛ ነው፣ ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ እየተጋፉ ነው። የቤዝ ጊታር የታችኛው ክር ባዶውን ሲመታ 41 ሄርዝ ገደማ ነው፤ ተከታዩ ድምፁ 82 ላይ ይመጣል። ኪኩን 60 አካባቢ ካጎላችሁት ቤዙን እዚያው ላይ ትንሽ ቀንሱለትና ከ80 በላይ አጉሉት። ቤዙ ይበልጥ ወደ ታች ይውረድ ካላችሁ ደግሞ ኪኩን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ሥሩት።