የሳልሞን ደም ማነስ ቫይረስን በጊዜ እንዴት መለየትና መግታት ይቻላል

የሳልሞን ዓሣን ደም የሚያሳጣው ይህ ቫይረስ ከኢንፍሉዌንዛ ጋር ይዛመዳል፤ ሰውን ግን አይዝም። በእርባታ ሳልሞን ላይ መጀመሪያ የታወቀው በ1984 እ.ኤ.አ. ኖርዌይ ውስጥ ነው። ቺሊ ውስጥ በ2007 ቺሎዬ ደሴት አካባቢ ከተነሣ በኋላ የአትላንቲክ ሳልሞን ምርቷ በሦስት ዓመት ከግማሽ በታች ወርዷል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችም እንጀራቸውን አጥተዋል። መድኃኒት ስለሌለው ዋናው አቅማችን ቶሎ ማወቅ ነው።

1. የሞተውን በየቀኑ፣ በየኬጁ (ዓሣው ባሕር ውስጥ በሚረባበት በየመረብ ጋጡ) ለይተው ይቁጠሩ። ከሁሉ በላይ አደራ የምለው ይህንን ነው። በሽታው ሲጀምር በቀን የሚገድለው ከ0.05 እስከ 0.1 በመቶ ብቻ ሊሆን ይችላል። 100,000 ዓሣ ባለበት ኬጅ ይህ ከ50 እስከ 100 ዓሣ ነው፤ «ያለ ነው» ተብሎ በቀላሉ ይታለፋል። የአንድ ቀን ቁጥር ምንም ላይነግርዎ ይችላል፤ የሁለት ሳምንቱ መዝገብ ግን ይናገራል። ማዕበል ሳይኖር፣ ዓሣው ሳይነካካ ቁጥሩ ቀስ እያለ ከወጣ ይጠርጥሩ። መኖ የተወውንና ከመረቡ ጥግ ፈዞ የቆመውንም ልብ ይበሉ።

2. አዲስ የሞተውን ከፍተው ይዩ። ጤነኛ ስንጥብ (ዓሣው የሚተነፍስበት አካል) ደማቅ ቀይ ነው፤ የታመመው ይገረጣል። ዓይን ያብጣል፣ ሆድ ውስጥ ውኃ ይቋጥራል፣ ጉበት ይጠቁራል፣ ደሙም ይቀጥናል። ሌሎች በሽታዎችም ይህን ስለሚያመጡ በዓይን ብቻ አይፍረዱ።

3. ሐኪም ይጥሩ። ከኩላሊትና ከልብ ናሙና ተወስዶ በፒሲአር (የቫይረሱን ዘረመል በሚለይ የላቦራቶሪ ምርመራ) ይመረመራል። የበሰበሰ ዓሣ ለናሙና አይሆንም። አንድ ነገር አይዘንጉ፦ የዚሁ ቫይረስ ጉዳት የማያደርስ ዓይነትም ጤነኛ ዓሣ ላይ ይገኛል፤ ስለዚህ «ቫይረስ ተገኘ» የሚል መልስ ሲመጣ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይጠይቁ። ኖርዌይ ውስጥ ጥርጣሬውን ራሱን ለምግብ ደህንነት ባለሥልጣን ማሳወቅ የሕግ ግዴታ ነው።

4. ውጤቱ እስኪመጣ ሁሉንም ባለበት ያቁሙ። ቫይረሱ ከታመመው ዓሣ በልጋግ፣ በሰገራና በደም ወጥቶ በባሕሩ ውኃ ይሄዳል። ዓሣ ጫኝ መርከብ፣ መረብ፣ ቦቲ ጫማ ከኬጅ ወደ ኬጅ አይዘዋወር። በተለይ የዕርድ ደም ሳይታከም ባሕር ውስጥ አይፍሰስ።

5. ከተረጋገጠ ዓሣው ይወገዳል። ዕቃው ከታጠበና በኬሚካል ከጸዳ በኋላ፣ መሬት ጦም እንደሚያድር ሁሉ የኬጁ ቦታም ባዶውን ይደር። የፋሮ ደሴቶች ሰዎች በ2000ዎቹ መጀመሪያ ክፉኛ ከተመቱ በኋላ የያዙት መንገድ ይኸው ነው፦ በአንድ ፊዮርድ (ወደ የብስ በገባ ጠባብ የባሕር ሰርጥ) አንድ ትውልድ ብቻ ያረባሉ፤ ያ ሳይወጣ ሌላ አይገባም። ክትባትም አለ፤ ነገር ግን ሙሉ ከለላ አይሰጥም። አዲሱ ጫጩት ሲገባ የሟቾቹ መዝገብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደገና ይከፈት።